የፊዚክስ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ፣ ከባሕር ዳር

ባሕር ዳር ፊዚክስ አስተምራለሁ። የተፈጥሮ ሕጎች እንዴት እንደሚገኙ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ መልሶቼ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሕግ የሚገኘው በሐሳብ ነው ወይስ በሙከራ?

መልስ፦ በሁለቱም፤ ዳኛው ግን ልኬት ነው። ጢስ ዓባይን ውሰድ። ውኃው 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ታዲያ የመውደቁ ኢነርጂ የት ይገባል? እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ ወደ ሙቀት ይለወጣል አለ። ብሎም አልቀረ፤ ክብደት ሲወርድ ውኃ የሚያማስል መሣሪያ ሠርቶ ሙቀቱን ለካ። በእሱ ስሌት ከሄድን ከፏፏቴው ሥር ያለው ውኃ ከላይኛው በ0.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል መሞቅ አለበት። ይቺን ትንሽ ቁጥር በጣም እወዳታለሁ። ሐሳቡ ስሕተት ከሆነ ቴርሞሜትር ያጋልጠዋላ! እዚያው ፏፏቴው ላይ መለካት ግን ይከብዳል። ጢሱ ሲተን ውኃውን ያቀዘቅዘዋል፣ ፀሐይዋም ታሞቀዋለች። ተመራማሪ ላብራቶሪ የሚገባው እንዲህ ያለውን ረብሻ ለመቀነስ ነው።

ጥያቄ፦ አንስታይን ኒውተንን ውድቅ አደረገው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወሰኑን አሳየ ቢባል ይሻላል። የፕላኔቷ የሜርኩሪ ምህዋር ራሱ ቀስ እያለ ይዞራል። በኒውተን ሕግ ሲሰላ በ100 ዓመት ከአንድ ዲግሪ መቶኛ ትንሽ የምትበልጥ፣ ሕጉ የማያስረዳት ትርፍ ትቀራለች። ችላ የምትባል ትመስላለች አይደል? አንስታይን በ1915 በአዲሱ የስበት ንድፈ ሐሳቡ በትክክል አሰላት። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ለመሥራት ግን ኒውተን ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሙከራው ከሕጉ ጋር ካልገጠመስ?

መልስ፦ መጀመሪያ መሣሪያህን ጠርጥር። በ2011 ጣሊያን ውስጥ ኒውትሪኖ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን የፈጠኑ መስለው ነበር፤ ይህ ደግሞ ከአንስታይን ሕግ ጋር አይገጥምም። ሲፈተሽ በደንብ ያልተሰካ ኬብል ተገኘ። ውጤቱን ይፋ አድርገው ሌሎች እንዲፈትሹት መጠየቃቸውን አከብራለሁ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እዚህ ሆኜ ምን ላጠና እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰማዩ ራሱ ላብራቶሪሽ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል። ስለዚህ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ጅረቱ የሚፈስበት፣ አዮኖስፌር የሚባለው የከባቢ አየር ክፍል የጂፒኤስን ሲግናል ያዘገያል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይህን የሚያጠኑ አሉ። ሒሳብሽን አጥብቀሽ ያዢ፣ ፕሮግራሚንግም ከአሁኑ ጀምሪ።