የአንባቢያን ጥያቄ፦ የዲኤክሷ ቴስታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይላግ ወይስ ይቀየር?

ጥያቄ፦ የማሽከረክራት ኮሮላ ዲኤክስ 4ኬ ሞተር ያላት ናት። ከአዳማ ስመለስ መንገድ ላይ ውሃ አፈላች፤ ከዚያ ወዲህ የራዲያተሩን ውሃ ትጨርሳለች፣ ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ዘይቷም ወተት መስሏል። አንዱ መካኒክ ጋርኒሲዮን (በቴስታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ብቻ ይቀየር ሲለኝ ሌላው ቴስታው ይላግ (ፊቱ በማሽን ተፍቆ ይስተካከል) ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ቴስታ እንድገዛ መክሮኛል። የማንን ልስማ?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ውሃ ወደ ሲሊንደርና ወደ ዘይት መግባቱን ስለሚያሳዩ ቴስታው መውረዱ አይቀርም፤ እስከዚያው መኪናዋን ባያንቀሳቅሷት ይመረጣል። ከሦስቱ ምክሮች የትኛው እንደሚሻል የሚታወቀው ግን ቴስታው ወርዶ ከታጠበና ከተለካ በኋላ ነው።

የ4ኬ ብሎክ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ብረት፣ ቴስታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ቀድሞ የሚጣመመው ቴስታው ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ብሎኖቹ አይነኩ፤ ሲፈቱም ከዳርና ከዳር ተጀምሮ ወደ መሃል፣ ጥቂት በጥቂት ይላላሉ።

ከሁሉ በፊት ስንጥቅ ይፈለግ። የውሃ መተላለፊያዎቹ ተደፍነው አየር ይሞላባቸውና ቴስታው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ስንጥቁ በሁለት ቫልቮች (የሲሊንደሩን ማስገቢያና ማስወጫ የሚከፍቱና የሚዘጉ) መቀመጫ መካከል ከሆነ በብየዳ ማዳን የሚችል ባለሙያ ቢኖርም፣ እኔ የሦስተኛውን መካኒክ ምክር እመርጣለሁ፤ የሚገዙት ቴስታም ሒሳቡ ሳይከፈል በዚሁ መንገድ ይፈተሽ።

ስንጥቅ ከሌለ ቀጥተኛነቱ በማስመሪያ ብረትና በስስ የክፍተት መለኪያ በቁመት፣ በአግድምና በሰያፍ ይለካል። የቶዮታ ገደብ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ካላለፈ አይላግ፤ ካለፈም ለማስተካከል የሚበቃውን ያህል ብቻ ይላግ። ቴስታ የገባላቸውን ሁሉ ሳይለኩ የሚልጉ ማሽን ቤቶች ስላሉ ይህን አስቀድመው ይናገሩ። በተላገ ቁጥር የቃጠሎው ክፍል ይጠባል፣ ኮምፕሬሽኑም (የአየርና የቤንዚኑ መታመቅ) ይጨምራል፤ አየሩ በሳሳባት በአዲስ አበባ ያልተሰማ የሞተር መንኳኳት ወደ ቆላ ሲወርዱ ሊሰማ ይችላል።

ቴስታው ከወረደ ዘንድ ቫልቮቹም ይታዩ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ የቫልቩ መቀመጫ የሚቆረጠው የቫልቭ ጋይዱን (ቫልቩ የሚንሸራተትበትን ቱቦ) መሃል ተከትሎ በመሆኑ፣ ጋይዱ ከላላ መጀመሪያ እርሱ ይቀየራል፣ ከዚያም መቀመጫው በ45 ዲግሪ ይስተካከላል፣ በመጨረሻ ቫልቩ በመሞረጃ ቅባት ይሞረዳል። የቫልቭ ጎሚኒዎቹ (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳይወርድ የሚያግዱት ጎማዎች) ደህና ቢመስሉም በአዲስ ይተኩ። ሥራው ሲያልቅ በማስገቢያና በማስወጫ ቀዳዳዎቹ በኩል ነጭ ጋዝ ይፍሰስ፤ በቫልቩ ዙሪያ ካንጠባጠበ ሞረዳው አልበቃም።

ሲገጠም በብሎክ ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ውሃና ዘይት እንዳይቀርባቸው በአየር ይነፉ፤ ጋርኒሲዮኑ ላይ ሲሊኮን አይቀባ። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በመመሪያው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጠብቁ። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ሞቆ እያለ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዘይቱ ወዲያው ይቀየር፤ ውሃ ስለሚቀር ከጥቂት ቀን በኋላም ይደገም።

ሞተሩን ያሞቀው ምክንያት ካልተገኘ ግን አዲሱም ጋርኒሲዮን ይቃጠላል። ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ግፊት መያዝ ያቃተው የራዲያተር ክዳን እዚህ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ይጎዳል። ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑና ቺንጋው (ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ) አብረው ይፈተሹ።

ጥያቄ፦ መካኒኬ «ለዚህ አገር አያስፈልግም» ብሎ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደውን) አውጥቶታል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ቤንዚን ይበላል፣ ያልተቃጠለውም ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ፋሻውን (የፒስተን ቀለበቶቹን) ያስጨርሳል። ስለዚህ ያስመልሱት፤ ከመገጠሙ በፊት ግን ድስት ውስጥ በቴርሞሜትር ይሞከር። 82 የተጻፈበት በዚያው ሙቀት አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑና የአዲስ አበባ ድስት እዚያ ስለማይደርስ፣ በከፊል ብቻ ተከፈተ ብለው አይጣሉት።