ወደ ተራራው ስትመለስ ጉልበትህን አትቅደመው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ሰነበቱ? 43 አመቴ ነው፣ የምኖረው ኮተቤ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር ቦርሳ አዝለን ወጨጫ፣ ዝቋላ፣ የረር ያልወጣነው የለም፣ አንዴም ሰሜን ተራሮች ከሳንቃበር ካምፕ እስከ ጨነቅ ካምፕ በእግራችን ሄደናል። ከዛ ስራ መጣ ትዳር መጣ ልጅ መጣ፣ በቃ 14 አመት አለፈ። ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ቆርጬ ተነሳሁና እንጦጦ ላይ መሮጥ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ልክ እንደ ድሮዬ ሆነልኝ፣ በሶስተኛው ሳምንት ቁልቁለት ስሮጥ ቀኝ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያዘኝ፣ አሁን ደረጃ ስወርድ ራሱ ያመኛል። እድሜዬ ነው? ልተወው? ለጥር ደሞ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ድንኳን ይዘን ለመውጣት ተቀጣጥረናል፣ እነሱን ማሳፈር አልፈልግም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እድሜህ አይደለም፣ እንዳትተወው። ትንፋሽህን አምነህ ነው የቸኮልከው። እኔም በ47 አመቴ ከ11 አመት በኋላ ስመለስ እዛው እንጦጦ ላይ ነው ጉልበቴን የያዘኝ፣ ያኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ እያነከስኩ ሁለት ወር ሮጥኩበት፣ ከዛ ስድስት ወር ተቀመጥኩ። አንተ ገና በጊዜ ጠይቀሃል።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ሰውነት ሁሉንም እኩል አይመልስልህም። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይነቃሉ፣ ጡንቻ ትንሽ ይዘገያል፣ ጅማት ግን ደም እንደ ጡንቻ በደንብ ስለማይደርሰው ወራት ይፈልጋል። ስለዚ በሶስተኛው ሳምንት ትንፋሽህ ሩጥ ሩጥ ሲልህ ጅማትህ ገና የ14 አመቱን እረፍት አልጨረሰም። ቁልቁለት ደሞ ለብቻው ነው። ዳገት ስትወጣ የታፋህ ጡንቻ እየተኮማተረ ይገፋሃል፣ ስትወርድ ግን እየተለጠጠ ነው ክብደትህን የሚይዘው፣ ፍሬን ሆነ ማለት ነው፣ ለዛም ነው ቁልቁለት በሮጥክ በማግስቱና በሳልስቱ ታፋህ እንጨት የሚሆነው፣ እና ታፋው ሲደክም ጫናው ሁሉ የጉልበት ሎሚህ ላይ ያርፋል። አንተን የሚያምህም እሱ ይመስለኛል። ግን ካበጠ፣ ወይ አልታጠፍ አልዘረጋ ካለህ፣ ወይ ስትረግጥ ከከዳህ የኔን አምድ ተወውና ሀኪም ጋ ሂድ።

እስከዛ ለሶስት ሳምንት ቁልቁለት መሮጥ የለም። ዳገት መውጣት ግን አታቁም! ከሽሮ ሜዳ ተነስተህ እስከ እንጦጦ ማርያም በፈጣን እርምጃ ውጣ፣ ስትመለስ ታክሲ ያዝ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ከሽሮ ሜዳ ተነስተህ 3,000 ሜትር አካባቢ ድረስ መውጣት በእርምጃም ቢሆን ልብህን በደንብ ያሰራዋል። የተራራ ሩጫ የሚወዳደሩትም ዳገቱ ሲከፋ እጃቸውን ታፋቸው ላይ አድርገው ይራመዳሉ እንጂ አይሮጡም። ቤት ደሞ ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ በአንድ እግርህ ቁምና ሌላኛው ተረከዝህ መሬት እስኪነካ ቀስ ብለህ ውረድ፣ በየእግሩ 10 ጊዜ፣ ሶስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለልክ። ትንሽ ቢቆጠቁጥህ ችግር የለም፣ በማግስቱ ከባሰብህ ግን ደረጃውን አሳንሰው።

መውረድን ማን እንዳስተማረኝ ልንገርህ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አይተህ ታውቃለህ? አንድ ቀን ጉልበቴን ይዤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እያለ አራት ሆነው በአጠገቤ አለፉ፣ የባህር ዛፉ ቅርንጫፍ ከጀርባቸው ግራና ቀኝ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶት፣ እና እግራቸውን አየሁት። እርምጃቸው አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ነው፣ ጉልበታቸው ሁሌ ትንሽ እጥፍ ያለ ነው፣ እግራቸው የሚያርፈው ከፊታቸው ራቅ ብሎ ሳይሆን ልክ ከስራቸው ነው፣ ተረከዛቸውን ወደፊት ወርውረው ፍሬን የሚይዙበት አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም። እኔ በምቾት ጫማ ረጅም እርምጃ እየዘረጋሁ በተረከዜ መሬቱን እደበድበው ነበር። የነሱ ሸክም የእንጀራ ጉዳይ ነው፣ ማንም እንዲሸከመው አልመኝም፣ ግን ከዛን ቀን ጀምሮ ስወርድ የማስበው እግራቸውን ነው። ጉልበቴም ተርፎልኛል።

ህመሙ ሲለቅህ ሩጫውን አንድ ደቂቃ ሮጠህ ሁለት ደቂቃ እየተራመድክ ጀምረው፣ ጫካው ውስጥ ለስላሳ አፈር ያለበትን ፈልግ። ሯጮቻችን ጠዋት ጠዋት በዛፎቹ መሀል በተርታ ሆነው ዚግዛግ ሲሮጡ አይተህ ይሆናል፣ በየመታጠፊያው ፍጥነቱ ራሱ ይቀንሳል፣ ቁልቁለቱን ፊት ለፊት ስለማትጋፈጠውም ለጉልበት በጣም ጥሩ ነው። ብቻህን ግን ጫካ አትግባ፣ ሁለት ሶስት ሁኑ።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ ደሞ ቅዳሜን ብቻ አትጠብቅ። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ቅዳሜ ለሶስት ሰዓት ያህል መሮጥ ነው ብዙዎቻችንን የጎዳን። ማክሰኞና ሀሙስ 40 ደቂቃ፣ ቅዳሜ ረዘም ያለ፣ አለቀ። መንገዱን አትቀያይረው፣ አንድ መንገድ ደጋግመህ ስትሄድ የቱ ጋ ያደክምህ እንደነበረና የቱ ጋ እንደለቀቀህ ታውቃለህ። እኔ ድሮ ሁለቴ የማርፍበት አንድ ዳገት አለ፣ አሁን እያወራሁ ነው የማልፈው።

የጥር ጉዞህን በተመለከተ፣ ጓደኞችህን ሰሜን ተራሮችን ለከርሞ እናድርገው በላቸው፣ ዘንድሮ መናገሻ ሱባ ሂዱ። ጫካው ውስጥ ድንኳን ተክላችሁ በማግስቱ ወጨጫ ላይ ትወጣላችሁ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፣ ጉልበትህ እምቢ ቢል ደሞ ቤትህ ሩቅ አይደለም። ሰሜን ላይ ሳንቃበር ራሱ 3,250 ሜትር ነው፣ ግጭ ካምፕና ጨነቅ 3,600 አካባቢ ናቸው፣ የቧሂት ጫፍ 4,430 ነው፣ እዛ መሀል ላይ ጉልበት ቢከዳህ በበቅሎ ነው የምትወርደው፣ እሱም ከተገኘ። ለከርሞ ስትሄዱ የመንገዱን ሁኔታ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ደባርቅ ላይ ተመዝግባችሁ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዛችሁ ነው የምትገቡት።

ለቦርሳው ከአሁኑ ተለማመድ። በ5 ኪሎ ጀምር፣ ክብደቱን በውሀ ጠርሙስ ሙላውና ጫፍ ስትደርስ ግማሹን ድፋው፣ ዳገቱን በሸክም ቁልቁለቱን በቀላሉ ትሄዳለህ። የወገቡ ቀበቶ ዳሌህ አጥንት ላይ ጥብቅ ይበል፣ ትከሻህ ብቻውን እንዳይሸከም። ለጉዞው ከክብደትህ አንድ አምስተኛ እንዳያልፍ፣ 75 ኪሎ ከሆንክ 15 ማለት ነው። ስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ እናቶቻችን ለመንገደኛ የሚቋጥሩት ይበቃሃል፣ ቀላል ነው አይበላሽም፣ በሶውን በውሀ በጥብጠህ እየሄድክ ትጠጣዋለህ። የጥር ሌሊት ብርዱ ቀልድ አይደለም፣ ድንኳን ከመግዛትህ በፊት ከስር የሚነጠፍ ፍራሽ ግዛ፣ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም፣ እኔ ኮሎራዶ ነው ያለሁት፣ ዴንቨር አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ ከወጣሁ 9 አመቴ። ባለፈው ከስራ ባልደረቦቼ ጋር ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ስንወጣ እነሱ ደህና ሆነው እኔ ራሴን አመመኝ አቅለሸለሸኝ። ደጋ ያደግኩ ሀበሻ ሆኜ እንዴት እኔን?

መልስ፦ እህቴ፣ ደጋ ማደግሽ ጥሩ ነው ግን ሰውነት የለመደውን ከፍታ ዝቅ ያለ ቦታ ሳምንታት ከቆየ ይተወዋል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ በብዙ ያንሳል፣ አንቺ ደሞ 9 አመት እዛ ኖረሽ በአንድ ጠዋት ከ4,000 በላይ ወጣሽ። ጉብዝናም አይከለክለውም፣ አብሮሽ የወጣው ሰው ስላላመመው አንቺ ደከምሽ ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ከመውጣትሽ በፊት አንድ ወይ ሁለት ሌሊት 2,500 እና 3,000 መሀል እደሪ፣ ቀስ ብለሽ ውጪ፣ ውሀ ጠጪ፣ የዛን ሰሞን አልኮል ይቅር። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ እዛው ቁሚ፣ ከባሰ ውረጂ፣ መራመድ የሚያንገዳግድሽ ወይ ተቀምጠሽም ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነ ጫፉ አስር ደቂቃ ቢቀረው እንኳ ተመለሺ፣ ብቻሽንም አትውረጂ። በጋ ላይ ደሞ እናንተ ጋ ከሰአት በኋላ መብረቅ ስላለ ገና ጨለማ እያለ ተነሺና እኩለ ቀን ሳይሞላ ከጫፉ ወርደሽ ዛፍ ያለበት ድረሺ።