ስለ ኦሮሴይ ባሕረ ሰላጤ ጠይቁኝ፦ ሸራ፣ ንፋስና ዋና

የጣሊያን ደሴት በሆነችው ሰርዲኒያ ውስጥ ከካላ ጎኖኔ ከተማ እስከ ሳንታ ማሪያ ናቫሬዜ ከተማ ያለውን የኦሮሴይ ባሕረ ሰላጤ የምሥራቅ ዳርቻ በሸራ ጀልባ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከሜዲትራኒያን ዳርቻዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች መልሱ እነሆ።

ሮም ነው የምኖረው። እንዴትና መቼ ልሂድ?

ከቺቪታቬኪያ ወደ ኦልቢያ የሌሊት መርከብ አለልህ። ከኦልቢያ በመኪና ወደ ደቡብ፣ ካላ ጎኖኔ ድረስ። ኦገስትን ተወው፣ ጀልባው ሁሉ እዚያ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ሰዉ ይቀንሳል፣ ውኃው ግን የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው።

እኔና ባለቤቴ የጀልባ መንጃ ፈቃድ የለንም። መከራየት እንችላለን?

ሞተሩ ከ40 የፈረስ ጉልበት የማይበልጥ የጎማ ጀልባ ጣሊያን ውስጥ ያለ ፈቃድ ይከራያል። በሸራ መሄድ ከፈለጋችሁ ግን ጀልባውን ከነስኪፐሩ (ከነጀልባ መሪው) ተከራዩ። የአካባቢው ሰው ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ባሕሩ አደገኛ ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

እንደ ንፋሱ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ማኤስትራሌ የደሴቲቱን ምዕራብ ሲያናውጥ፣ እዚህ ተራራው ይከልላል። ያም ሆኖ ከሸለቆዎቹ አፍ ድንገት ወርዶ ሸራውን የሚመታ ንፋስ አለ። እኔ የምፈራው ግን ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣውን ነው። ያኔ ማዕበሉ በቀጥታ ገደሉን ይመታል፣ ተመልሶም ከሚቀጥለው ጋር ይጋጫል። ጀልባዋ መያዣ ታጣለች። መጠጊያ ወደብ ደግሞ የለም። በሁለቱ ከተሞች መካከል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ገደልና ትንንሽ የባሕር ዳርቻዎች ብቻ ናቸው። ትንበያው ሺሮኮ (የደቡብ ምሥራቁ ንፋስ) ካለ ከወደብ አትውጡ። ገንዘብ ከፍለናል ብሎ መውጣት አያዋጣም።

አየሩ ጥሩ ሲሆን ቀኑ የራሱ ሥርዓት አለው። ጠዋት ባሕሩ ዝም ይላል። ወደ ቀትር ገደማ የባሕር ንፋስ ይነሳል፣ ማታ ይበርዳል። ስለዚህ ጠዋት ዋኙ፣ ከሰዓት ሸራ ዘርጉ። ገደሉ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ፀሐይዋም ከብዙዎቹ ዳርቻዎች ቀደም ብላ ትጠፋለች። ያ የሚያምረው የውኃ ቀለም የጠዋት ነው።

ዋና የተማርኩት ጣና ላይ ነው። ባሕር ይከብደኛል?

እንዲያውም ይቀልልሻል። ሜዲትራኒያን በሊትር ወደ 38 ግራም ጨው ስላለው ሰውነትሽን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ከጀልባ ወርደሽ ስትዋኚ ሳታውቂው ንፋስና ጅረት ይወስድሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ንፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ዋኚ፣ ሲደክምሽ እሱው ይመልስሻል። ሞተሩ ይጥፋ። መሰላሉ ሳይወርድ ማንም አይዝለል፤ ከውኃ ውስጥ ሆኖ ጀልባ ላይ መውጣት ለጎበዝ ዋናተኛም ፈተና ነው። አንድ ሰው ምንጊዜም ጀልባው ላይ ይቅር። የሞተር ጀልባዎች እንዲያዩሽ ደማቅ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ወገብሽ ላይ እሰሪ።

መልህቅ የት ነው የሚጣለው?

ፈዛዛው፣ አሸዋው ላይ ብቻ! ከታች ጠቆር ብሎ የሚታየው ፖሲዶኒያ ነው። አልጌ ይመስላል እንጂ አበባ የሚያወጣ እውነተኛ ተክል ነው። ዓሣ የሚራባው እዚያ ውስጥ ነው፣ አሸዋውንም ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። መልህቅ በአንድ ጊዜ ጎትቶ የነቀለውን ለመተካት ረጅም ዘመን ይፈጃል። ይህን እያወቁ የሚጥሉበትን ሳይ በጣም ያናድደኛል።

ካላ ጎሎሪትዜ የተባለው የባሕር ዳርቻ በጀልባ ይገባል?

አይገባም። ጀልባ የሚቆመው ድንበሩን ከሚያሳዩት ተንሳፋፊ ምልክቶች ውጭ ነው። ወይ ከዚያ ትዋኛለህ፣ ወይ ከጎልጎ አምባ በእግር ትወርዳለህ። በበጋ በእግር የሚገባው ሰው ቁጥር የተገደበ ስለሆነ አስቀድመህ ተመዝገብ። 143 ሜትር ከፍታ ያለውን የአጉሊያን ዓለት በጀርባህ ተንሳፍፈህ ሽቅብ ስታየው፣ ድካሙ ሁሉ ይረሳል።

ጄሊፊሽ ቢነድፈኝስ?

በባሕሩ ውኃ እጠበው። አትሸው፣ ንጹሕ ውኃም አታፍስበት፤ የቀሩትን መርዛማ ሕዋሳት ይቀሰቅሳል። መተንፈስ ካስቸገረህ ግን ቶሎ ሐኪም ጥራ።

ልጆቼ የካላ ማሪዮሉን ነጫጭ ጠጠሮች ለማስታወሻ ይዘው ቢመጡ ችግር አለው?

አዎ፣ አለው። ከሰርዲኒያ አሸዋ፣ ጠጠር ወይም ዛጎል መውሰድ ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ ያስቀጣል። ኦልቢያ ላይ ሻንጣ ሲፈተሽ ይገኛል። ፎቶ ያንሷቸው።