የማን ልጅ ነው? ስለ ቴዎዶሪክ ቤተሰብ ለሚጽፉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ «ጋሼ፣ የኦስትሮጎቱ የቴዎዶሪክ አባት ዋላሚር ነው ወይስ ቲውዲሚር?» አለኝ። ጥያቄው ያልሻረ ጸጸት ቀሰቀሰብኝ፤ ለዓመታት «የዋላሚር ልጅ» እያልኩ አስተምሬያለሁና።

ቴዎዶሪክ ኦስትሮጎት የሚባለው የጀርመናውያን ነገድ ንጉሥ፣ በኋላም ጣልያንን የገዛ ነው። አባቱ ቲውዲሚር ነው። የሁኖች ንጉሥ አቲላ እ.ኤ.አ. በ453 ሞቶ ኃይላቸው ሲፈርስ ዋላሚር፣ ቲውዲሚርና ዊዲሚር የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ሕዝባቸውን ይዘው በዳኑብ ወንዝ አጠገብ ባለችው ፓኖኒያ ሰፈሩ። ንጉሡ ዋላሚር ነበር። ከምሥራቅ ሮም መዲና ከቁስጥንጥንያ በየዓመቱ የሚላክላቸው ስጦታ ቢቀር ወረራ ጀመሩ፤ እርቅ ሲወርድ የሰላሙ መያዣ የሚሆን ልጅ ተጠየቀ። ዕጣው ስምንተኛ ዓመቱን በያዘው በቴዎዶሪክ ላይ ወደቀ። የጎቶችን ታሪክ የጻፈው ዮርዳኔስ እንደሚለው አባትየው ልጁን ለመስጠት አመነታ፤ ለምኖ እሺ ያሰኘው አጎቱ ዋላሚር ነው። ልጁ በቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት 10 ዓመት ያህል ቆይቶ በ18 ዓመቱ ተመለሰ።

እዚህች ላይ ቆም በሉ። ቤተ መንግሥቱ የሚያውቀው ንጉሥ ዋላሚር ስለነበር ልጁም በእሱ ስም መጠራቱ አይገርምም። በዚያ ላይ በዚያው ዘመን ሸውራራው የሚባል ሌላ ቴዎዶሪክ፣ የትሪያርዮስ ልጅ፣ ነበር። የግሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱን ለመለየት አንዱን የትሪያርዮስ፣ ሌላውን የዋላሚር አሉ። እኛ ደግሞ ከስም ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ አባት አድርገን ማንበብ ለምዶብናል።

እናንተ አሁን ያማረ የዘር ሐረግ ከስልክ ላይ ገልብጣችሁ ትለጥፋላችሁ፤ ይህ አይበጅም። በእያንዳንዱ ስም ጎን ማን፣ መቼ፣ ለማን ብሎ እንደጻፈው አስፍሩ። የጥንቱን የጎቶች ንጉሥ ኤርማናሪክን ውሰዱ። በዘመኑ የነበረው ሮማዊ ታሪክ ጸሐፊ አሚያኖስ የሁኖች ጦር ሲመጣበት ራሱን ገደለ ይላል። ዮርዳኔስ ግን በ551 ገደማ ሲጽፍ ሁለት ወንድማማቾች አቁስለውት በ110 ዓመቱ ሞተ አለ። የዮርዳኔስን የቴዎዶሪክ ቤት ሐረግ ከመጀመሪያው አባት ከጋፕት ጀምራችሁ ቁጠሩ፦ ቲውዲሚር 14ኛ፣ ቴዎዶሪክ 15ኛ፣ ሴት ልጁ አማላሱንታ 16ኛ፣ የልጅ ልጁ አታላሪክ 17ኛ። ዮርዳኔስ መጽሐፉን መነሻ ያደረገው ሮማዊው ጸሐፊ ካሲዮዶሮስ የአታላሪክ ሹም ነበር፤ 17 ትውልድ ያለው ንጉሣዊ ዘር ብሎ የጻፈውም ለዚያው ቤት ክብር ነው።

ዮርዳኔስን እንዲህ ነቅፌ ስለ ዋላሚርና ወንድሞቹ እሱኑ መጥቀሴን አይቻለሁ። ለቅርቡ ዘመን ይሻላል፤ ያለ እሱም የአባትየውን ማመንታት አናውቅም ነበር።

ዋላሚር ስኪሮች ከሚባል ነገድ ጋር ሲዋጋ ከፈረሱ ወድቆ ሞተ። ቲውዲሚር ነገሠ፤ ሕዝቡን ወደ መቄዶንያ መርቶ በ474 ገደማ እዚያው አረፈ።

የቴዎዶሪክን እናት ኤሬሌዎቫን ከሐረጉ አታውጧት። ዮርዳኔስ ቁባት ይላታል። ከልጇ ጋር ጣልያን ገባች፣ በካቶሊክ ጥምቀት ኤውሴቢያ ተባለች፤ የሮማው ጳጳስ ጌላስዮስም ደብዳቤ ጽፈውላታል።