ፊዚክስ ማስተማሬ ብር ያስጨምርልኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። በፊዚክስ ተመርቄ ደላንታ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ደርሶኛል። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ «እዚህ የሒሳብና የሳይንስ መምህር ብድሩ ይሰረዝለታል፣ አንተም ጠይቅ» ትለኛለች። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይስ እዚሁ ደሴ የግል ትምህርት ቤት ልፈልግ?
ከሸዋ በር

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ የአክስትህ ልጅ አልዋሸችህም። አሜሪካ ውስጥ በየትኛው ግዛት የየትኛው ትምህርት መምህር እንዳጠረ በየዓመቱ ዝርዝር ይወጣል። ሒሳብ፣ ሳይንስና ልዩ ፍላጎት ከዝርዝሩ ብዙም አይጠፉም። የድሃ ልጆች በሚበዙበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ወይም ሳይንስ 5 ዓመት ሳያቋርጥ ያስተማረ ሰው ከፌዴራል የተማሪ ብድሩ እስከ 17,500 ዶላር ይሰረዝለታል፤ የልዩ ፍላጎት መምህርም እንዲሁ፤ የሌላው መምህር እስከ 5,000 ነው። ግን እዚያም በነጻ የሚበተን ገንዘብ የለም። ለመምህርነት ለሚማሩ የሚሰጠውን፣ ቲች ግራንት የሚሉትን ድጎማ ወስዶ፣ ከተመረቀ በ8 ዓመት ውስጥ 4 ዓመት ያላስተማረ ሰው፣ ድጎማው ብድር ሆኖ ከነወለዱ ይመጣበታል።

እኛ ጋ ደመወዝህ የሚሰላው በትምህርት ደረጃህና በእርከንህ ነው። ከጀማሪ መምህር ተነስተህ ደረጃ በደረጃ ትወጣለህ እንጂ ፊዚክስ ስለያዝክ ብቻ የሚጨመርልህ ብር የለም። እውነቱን ለመናገር ይሄ ያናድደኛል። የፊዚክስ መምህር ሲጠፋ የሒሳቡ ሰው ደርቦ ይይዘዋል፣ ልጆቹም ሌንስ የሚባለውን ነገር በጠመኔ ተስሎ ከማየት በቀር ሳይነኩት 12ኛ ይደርሳሉ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ሁሉም ልጆቹን ወቀሰ።

አንድ ነገር ግን አለህ። ወጪ መጋራት ላይ፣ ለመምህርነት የሠለጠነ ሰው በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍልበት መንገድ አለ። የፈረምከውን ውል ፈልገህ አንብበው፣ ኮፒውንም ሥራ ስትጀምር ለፋይናንስ ስጥ። አንዴ ከደመወዝህ መቆረጥ ከጀመረ ማስመለሱ ደጅ መጥናት ነው። የበረሃ አበል አትጠብቅ፣ ደላንታ ደጋ ነው፤ ይልቅ የመምህራን መኖሪያ አለ ወይ ብለህ ወረዳውን ጠይቅ። የቤት ኪራይ የማይወጣበት ደመወዝ ሌላ ደመወዝ ነው።

የግሎቹ በድርድር ስለሚከፍሉ ፊዚክስህ እነሱ ጋ ዋጋ ሊያወጣልህ ይችላል። ብቻ በደመወዙ አትደለል። ጡረታ ይቆረጥልኛል ወይ፣ ሐምሌና ነሐሴስ ይከፈለኛል ወይ ብለህ በጽሑፍ አስገባው። ካንገራገሩ ጋቢህን ይዘህ ደላንታ ውጣ።