ማህበሩ የሚቆመው ለማን ነው? ስለ ሙያ፣ ስለ ኢንዱስትሪና ስለ በጎ አድራጎት ማህበራት ጥያቄና መልስ

በሙያ ማህበር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለ ብሔራዊ ማህበራት ሥራ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚያ ልምድ ተነስቼ የምችለውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሙያ ማህበር፣ የኢንዱስትሪ ማህበርና በጎ አድራጎት ድርጅት ይምታቱብኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ አባሉ ማን እንደሆነ ይመልከቱ። የሙያ ማህበር አባሉ ሰው ነው፤ ሐኪሙ፣ መሐንዲሷ፣ የሒሳብ ባለሙያው። የኢንዱስትሪ ማህበር አባሉ ድርጅት ነው፤ ፋብሪካው፣ ባንኩ፣ አስመጪው። በጎ አድራጎቱ አባላት ቢኖሩትም የተቋቋመው ሌላ ሰው ለመርዳት ነው።

ትልቁ ነገር ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። የኢንዱስትሪ ማህበር ለአባላቱ ጥቅም ቢሟገት ሥራው ነው፣ አይወቀስም። የሙያ ማህበር ግን የአባሉና የሕዝቡ ጥቅም ሲጋጭ ለሕዝቡ ማድላት አለበት ባይ ነኝ። ሕዝቡ ሰውነቱን፣ ቤቱንና ገንዘቡን ለባለሙያ አምኖ የሚሰጠው ይህንን ተስፋ አድርጎ ነው።

ጥያቄ፦ ከሠራተኛ ማህበርስ በምን ይለያል?

መልስ፦ የሠራተኛ ማህበር ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ከአሠሪ ጋር ይደራደራል። የሙያ ማህበር የሙያውን ደረጃ ይጠብቃል። ሁለቱን ደርቦ የሚሠራም አለ፤ የብሪታንያ የሐኪሞች ማህበር የሙያም የሠራተኛም ማህበር ነው።

ጥያቄ፦ ፈቃድ መስጠትና መቅጣት የማን ሥራ ነው? የመንግሥት ወይስ የማህበሩ?

መልስ፦ እንደየአገሩ ነው። እኔ ግን አቋም አለኝ፦ ለአባሉ የሚሟገተውና አባሉን የሚቀጣው አካል አንድ መሆን የለበትም። አሁን የጠቀስኩት የብሪታንያ ማህበር አመጣጡ ከ1832 ይጀምራል። የሐኪሞችን መዝገብ የሚይዘውና ያጠፋውን ከመዝገብ የሚሰርዘው ግን ሌላ አካል ነው፤ በ1858 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የሕክምና ምክር ቤት። በካናዳ የኦንታሪዮ መሐንዲሶችም ፈቃድ ሰጪውን አካል ለብቻው ትተው፣ በ2000 የሚሟገትላቸው ሌላ ማህበር አቋቁመዋል።

ይህን አጥብቄ የምለው የሥራ ባልደረባን መቅጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ስለማውቅ ነው። ተከሳሹ አብሮን የተማረ ወይም ነገ ሥራ የሚሰጠን ሰው ሊሆን ይችላል። «ይቅርታ ይደረግለት» የሚለው ቃል ቶሎ ይመጣል። ስለዚህ በዲሲፕሊን ችሎት ላይ ከሙያው ውጭ የሆኑ ሰዎች ይቀመጡ። እኛ ለምደነው ያለፍነውን ነገር እነሱ «ይህ እንዴት ትክክል ይሆናል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ እውነቱን ለመናገር፣ ከስብሰባና ከሰርተፊኬት በቀር ለሕዝቡ ምን ሠርተው ያውቃሉ?

መልስ፦ ብዙ ሠርተዋል፤ የምወደውን አንዱን ልንገርዎ። በ1905 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ብሮክተን በምትባል ከተማ፣ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር፣ ማለትም ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጨው ትልቅ ጋን፣ ፈነዳ። ሕንፃው ተደርምሶ ተቃጠለ፤ 58 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን የቦይለር ፍንዳታ ብርቅ አልነበረም። ግዛቱ በ1907 የቦይለር ሕግ አወጣ። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ግዛት የየራሱን ሕግ ካወጣ አምራቹ የትኛውን ተከትሎ ይሥራ?

እዚህ ላይ የአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማህበር ገባ። ባለሙያዎችን ሰብስቦ የቦይለር አሠራር ደንብ አዘጋጀ፤ የመጀመሪያው እትም የ1914 እትም በመባል ይታወቃል። ማህበሩ ማንንም የማስገደድ ሥልጣን አልነበረውም። ግዛቶቹ ግን ደንቡን እየወሰዱ ሕግ አደረጉት። እስከ ዛሬም እየታደሰ ይሠራበታል። መንግሥት ስለ እያንዳንዱ ብረት ውፍረትና ስለ እያንዳንዱ ቫልቭ የሚያውቅ ሰው ሊኖረው አይችልም። ማህበሩ እውቀቱን ይዞ ይመጣል፣ መንግሥት የሕጉን ጉልበት ይጨምርበታል። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት በሰላም ሠርቶ ቤቱ እንደገባ ሳስበው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የኢንዱስትሪ ማህበር ማለት ነጋዴዎች ተሰብስበው ዋጋ የሚቆርጡበት ቦታ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። የሙያ ማህበርም ከዚህ አያመልጥም። በ1971 በአሜሪካ ቨርጂኒያ አንድ ባልና ሚስት ቤት ሊገዙ ፈልገው ሰነዱን የሚመረምር ጠበቃ ያስፈልጋቸው ነበር። የጠበቆች ማህበሩ ዝቅተኛ የክፍያ ተመን አውጥቷል። ለ36 ጠበቆች ጻፉ። ከመለሱት ውስጥ ከተመኑ በታች እሠራለሁ ያለ አንድም አልተገኘም። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1975 ተመኑ ሕገወጥ የዋጋ ስምምነት ነው አለ።

የባሰም አለ። የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያዎች በ1958 ያቋቋሙት ተቋም ለአሥርተ ዓመታት ስለ ማጨስ ጉዳት ጥርጣሬ ሲነዛ ኖረ። በመጨረሻ በ1998 ኩባንያዎቹ ከግዛቶች ጋር ባደረጉት ስምምነት እንዲፈርስ ተደረገ።

እንዲህም ሆኖ የኢንዱስትሪ ማህበር አያስፈልግም አልልም። ሥልጠና፣ የጥራት ደረጃ፣ ከመንግሥት ጋር መነጋገር፣ እነዚህ በጋራ ካልሆነ አይሆኑም። ዋጋ፣ የገበያ ክፍፍልና «ከእገሌ አትግዙ» ግን አጀንዳ መሆን የለባቸውም። በስብሰባ መሀል ከተነሱ ተቃውሞዎን ቃለ ጉባኤ ላይ አስይዘው ይውጡ።

ጥያቄ፦ በጎ አድራጎት ድርጅት ከመንግሥት ገንዘብ ከተቀበለ ነፃ ነኝ ማለት ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፣ ግን ይፈተናል። ቀይ መስቀልንና ቀይ ጨረቃን ይዩ። በ1965 ቪየና ላይ በጸደቁት መርሆዎች መሠረት በአንድ አገር አንድ ብሔራዊ ማህበር ብቻ ይኖራል። መንግሥትን በሰብአዊ ሥራ ያግዛል፤ ሆኖም በራሱ መርህ መሠረት መሥራት የሚያስችለውን ነፃነት መጠበቅ አለበት። የማንም ድርጅት በጀት በአንድ ለጋሽ እጅ ብቻ ሲሆን፣ ለጋሹ መንግሥትም ይሁን ግለሰብ፣ «አይሆንም» ማለት ይከብዳል።

ጥያቄ፦ በአንድ ሙያ ሁለት ማህበር ቢኖርስ?

መልስ፦ በፈቃደኝነት እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። የፈቃድ መዝገቡ ግን አንድ ብቻ ይሁን፤ አለዚያ አንዱ ያባረረውን ሌላው ይቀበለዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ባለሙያ በድሎኛል። ማህበሩ ይክሰኛል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይክስም። ማህበሩ ወይም ተቆጣጣሪው ሊያስጠነቅቅ፣ ሊያግድ፣ ሊሰርዝ ይችላል። የገንዘብ ካሳ በአብዛኛው የሚገኘው በፍርድ ቤት ወይም በኢንሹራንስ በኩል ነው። ሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን መሄድ ይቻል እንደሆነ የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ። ደረሰኝና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አይጣሉ። ቅሬታዎን በቀን ቅደም ተከተል፣ ባጭሩ ይጻፉት፤ ለመርማሪው ቁጣ ከበዛበት ረጅም ደብዳቤ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ ተመራቂ ነኝ። መዋጮ ከፍዬ አባል ልሁን?

መልስ፦ ከመክፈልዎ በፊት የመተዳደሪያ ደንቡንና የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት ይጠይቁ። ምርጫ በጊዜው ይደረጋል ወይ? ተቀጥቶ የሚያውቅ አባልስ አለ? ለረጅም ዓመታት አንድም ሰው ቀጥቶ የማያውቅ ማህበር እኔን ያሳስበኛል። መልሱ ካረካዎት ይግቡ፤ ከዚያ ቢያንስ በአንድ ኮሚቴ ውስጥ ይሥሩ። ጠቅላላ ጉባኤ ላይም ይገኙ፣ ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎ ስብሰባ ሲበተን ሥራ አስፈፃሚው ያለ ጠያቂ ይቀጥላል።