ቢሰርዙት የማይጎድል ኢንቦክስ

በአስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል የምትሠራ አንባቢ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራሟ «ኢንቦክስ ሞልቷል» እያለ አዲስ ኢሜይል ማውረድ አቁሟል። የድሮውን በገፍ ሰርዛለች፣ ትራሹንም ባዶ አድርጋለች፤ ለውጥ የለም። ፋይሉ 3.99 ጂቢ ላይ ቆሟል። ቀደም ሲል የመጣ ቴክኒሻን «ሲ (የኮምፒውተሩ ዋና ዲስክ) ሞልቷል» ብሎ ኢሜይሉን ወደ 32 ጂቢ ፍላሽ አዛውሮታል፤ ፍላሹ ግን ገና ግማሹም አልሞላም።

እህቴ፣ 3.99 የምትለዋን ሳይ ጥርጣሬዬ በቀጥታ ፍላሹ ላይ ነው የወደቀው። ራይት ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲሱን ይክፈቱ፤ «ፋት32» ይላል ብዬ እገምታለሁ። ይህ ፍላሹ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ስልት ነው፤ ፋት32 አንድን ፋይል 4 ጂቢ አያስሞላም፣ የቱንም ያህል ባዶ ቦታ ቢኖር። ለመሆኑ የቢሮ ደብዳቤ በርካሽ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ጥገና ነው? ፍላሽ ሰነድ ለማመላለስ ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ ሲጻፍበት አይበረክትም፤ አንዳንዱማ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ጂቢ ያህል እንኳ አይይዝም።

ምንም ከመንካትዎ በፊት ተንደርበርድን ዘግተው የኢሜይሉን ፎልደር በሙሉ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ ያድርጉ። አካውንቱ ፖፕ (ኢሜይሉን ከሰርቨር አውርዶ ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጥ) ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ምንም ላይቀር ይችላል፤ ያለዎት ይኸው ብቻ ነው።

ታዲያ ሲሰርዙት ለምን አልቀነሰም? ኢንቦክስ አንድ ረጅም የጽሑፍ ፋይል ነው፤ መልእክቶቹ እንደ ገቢና ወጪ መዝገብ እየተከታተሉ ይጻፉበታል። ሲሰርዙ ተንደርበርድ ከመሃል ቆርጦ አያወጣም። እያንዳንዱ መልእክት አናቱ ላይ «ኤክስ-ሞዚላ-ስታተስ» የምትባል መስመር አለችው፤ እሷ ላይ የመሰረዝ ምልክት ያደርግና መልእክቱን ከዝርዝሩ ይሰውረዋል። ጽሑፉ ከነአባሪው እዚያው ተጋድሟል። አባሪው ደግሞ ወደ ፊደል ተቀይሮ ስለሚቀመጥ በሲሶ ያህል ያብጣል፤ የ9 ሜጋ ፒዲኤፍ እዚያ ውስጥ 12 ሜጋ ገደማ ነው። የእውነት የሚያስወግደው ኮምፓክት ነው፤ ያልተሰረዙትን እየለቀመ ወደ አዲስ ፋይል ይገለብጥና አሮጌውን ይጥላል። ስለዚህ ለሁለቱም የሚበቃ ቦታ ይፈልጋል።

ሲ ላይ 10 ጂቢ ያህል ያስለቅቁና ፎልደሩን እዚያም ይገልብጡ። ከዚያ አካውንት ሴቲንግስ፣ ሰርቨር ሴቲንግስ፣ ታች «ሎካል ዳይሬክተሪ» የሚለውን ወደ አዲሱ ቦታ ያዙሩት። ተንደርበርድ ዳግም ሲከፈት ኢንቦክሱን ራይት ክሊክ፣ ኮምፓክት። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) እንዳይጀምሩ፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ የሚያድንዎ ያ ኮፒ ብቻ ነው። ኮፒ ይዘዋል አይደል?

የቀረውን በየዓመቱ ፎልደር እየከፈቱ ያከፋፍሉት፣ ሲጨርሱ እንደገና ኮምፓክት፤ የተዛወረውም እንደተሰረዘው ኮቴውን ትቶ ነው የሚሄደው።

ዝርዝሩ ከተዘበራረቀ ኢንቦክሱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሪፔር ፎልደር» አለ። «ላጥፋና ይስተካከላል» የሚል ጠጋኝ ከመጣ ኤምኤስኤፍ የሚል ቅጥያ ያለውን ብቻ ያጥፋ፤ እሱ ማውጫ ነው፣ ተመልሶ ይሠራል። ቅጥያ የሌለው «ኢንቦክስ» ደብዳቤው ራሱ ነው።